ማንም ያላስተማረው ቋንቋ

በመካከለኛው አሜሪካ በምትገኘው ኒካራጓ እስከ 1970ዎቹ መገባደጃ ድረስ መስማት የተሳናቸው ሰዎች የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ አልነበራቸውም። (በዚህ ምዕራፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።) መስማት የተሳነው ልጅ የሚያድገው በሚሰሙ ወላጆችና በሚሰሙ ጎረቤቶች መካከል ነው። ለረሃብ፣ ለውኃ፣ ለሕመም፣ ለላምና ለዶሮ የሚሆኑ ጥቂት የእጅ ምልክቶችን ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ጋር ይፈጥራል። ምልክቶቹ ግን ከቤቱ ደጃፍ አያልፉም። በሌላ መንደር ያለው መስማት የተሳነው ልጅ ደግሞ የራሱ ምልክቶች አሉት፤ ሁለቱ ተገናኝተው አያውቁም። ብዙዎች ዕድሜ ልካቸውን አንድ ወሬ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳያወሩ እንዲሁ አርጅተዋል።

በ1977 በዋና ከተማዋ በማናጓ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ማዕከል ተከፈተና 50 ያህል መስማት የተሳናቸው ልጆች አንድ ግቢ ውስጥ ተሰበሰቡ። በ1979 የሳንዲኒስታ አብዮተኞች ሥልጣን ሲይዙ ትምህርትን ለሁሉም ማዳረስ ከዋና ዋና ዓላማዎቻቸው አንዱ ስለነበር የተማሪው ቁጥር ከፍ አለ። በ1980 ለወጣቶች የሚሆን የሙያ ማሠልጠኛ ተጨመረ፤ በ1983 በሁለቱ ትምህርት ቤቶች ከ400 በላይ ተማሪዎች ነበሩ። መምህራኑ የምልክት ቋንቋ አያውቁም። ዓላማቸውም ልጆቹን ስፓኒሽ ማስተማር ነበር፦ የመምህሩን ከንፈር አይተው እንዲረዱ፣ የስፓኒሽን ፊደላት በጣታቸው እየሠሩ ቃል እንዲመሠርቱ። ትምህርቱ አልያዘላቸውም። ድምፁን አንድ ቀን እንኳ ሰምቶ ለማያውቅ ልጅ በጣት የተሠራ ፊደል ምን ይነግረዋል?

ከክፍል ውጭ ግን የልጆቹ እጅ አያርፍም ነበር። በዕረፍት ሰዓት ሜዳው ላይ፣ ወደ ቤት በሚመልሳቸው አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዱ ከቤቱ ያመጣውን ምልክት ሌላው ይቀበለዋል፤ የማይመቸውን ይጥለዋል፤ የተስማማውን ያሳጥረዋል። ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ መምህራኑ ልጆቹ እርስ በርሳቸው ምን እንደሚባባሉ መከተል አቃታቸው። የትምህርት ሚኒስቴሩ የውጭ ባለሙያ ፈለገ፤ በ1986 ጁዲ ኬግል የተባሉ አሜሪካዊት የሥነ ልሳን ምሁር ወደ ማናጓ መጡ። ያዩት ነገር ስለ ሰው ልጅ አእምሮ በሚደረገው ክርክር ውስጥ እስከ ዛሬ ከሚጠቀሱት ማስረጃዎች ሁሉ የላቀ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ።

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። ሄሮዶቱስ የጻፈው የግብፁ ንጉሥ የፕሳሜቲኮስ ታሪክ አለ፦ ንጉሡ ሁለት ሕፃናትን ለአንድ እረኛ ሰጥቶ ማንም ቃል እንዳይተነፍስባቸው አዘዘ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ልጆቹ «ቤኮስ» አሉ፤ ይህም በፍርግያ ሰዎች ቋንቋ ዳቦ ማለት ስለሆነ የመጀመሪያው ቋንቋ የእነሱ ነው ተባለ። ታሪኩ እውነት ይሁን አይሁን፣ ጥያቄው ግን የእኛም ጥያቄ ነው፦ ሰው ቋንቋን ይዞት ይወለዳል ወይስ ካሳደጉት ይቀበላል? በ1874 እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ጎልተን ባሳተሙት መጽሐፍ ርዕስ ላይ ተፈጥሮንና አስተዳደግን ጎን ለጎን አቆሟቸው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንደ ባላንጣ ሲጠሩ ኖሩ።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ሚዛኑ ወደ አስተዳደግ ያጋደለ ነበር። የሐርቫርዱ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1957 ባሳተሙት መጽሐፍ ንግግር እንደ ማንኛውም ልማድ ነው አሉ፤ ልጁ የተናገረው ሲወደድለትና ሲሳካለት ይደጋግመዋል፣ ያልተሳካውን ይተወዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1959 የ30 ዓመቱ ኖአም ቾምስኪ መጽሐፉን የሚያፈርስ ረጅም ሂስ ጻፉ። የቾምስኪ ወገን ደጋግሞ የሚያነሣው ሐሳብ ይህ ነው፦ ልጅ ሰምቶት የማያውቀውን ይናገራል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሕፃናት «ሄደ» ለማለት ትክክለኛውን «ዌንት» ትተው «ጎድ» ሲሉ ይሰማሉ፤ ይህን ከአዋቂ አልሰሙም፣ ማንም አላመሰገናቸውም። ከሰሙት ውስጥ ሕግ አውጥተው ሕጉን አለቦታው መሥራታቸው ነው። ቾምስኪ ከዚህ ዓይነቱ ነገር ተነሥተው ሁሉም ሰው የሚወለደው የሰዋስውን አጽም ይዞ ነው እስከ ማለት ደረሱ።

ተቃዋሚዎቻቸውም ዝም አላሉም። በ1996 ጄኒ ሳፍራን፣ ሪቻርድ አስሊንና ኤሊሳ ኒውፖርት የስምንት ወር ሕፃናትን ትርጉም የሌላቸው ቀለማት ያለ ማቋረጥ የሚወርዱበት ቅጂ ለሁለት ደቂቃ ብቻ አሰሟቸው። ሕፃናቱ የትኛው ቀለም የትኛውን አዘውትሮ እንደሚከተል ለይተው የ«ቃላቱን» ድንበር አወቁ። አካባቢው ለልጁ የሚሰጠው መረጃ ቾምስኪ እንዳሉት የደኸየ አይደለም ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ከጽሑፍ ብቻ የሚማሩ ኮምፒውተሮች ሰዋስው የጠበቀ ዐረፍተ ነገር ሲሠሩ እያየን ነው፤ ያን ለመማር ግን በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ቃላት ይወስዳሉ። ልጅ ከዚያ እጅግ ያነሰውን ሰምቶ አፉን ይፈታል። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ስኬት የልጁን ምሥጢር የፈታው አይመስለኝም።

ይህን ሙግት ለመፍታት ትክክለኛው ሙከራ የፕሳሜቲኮስ ዓይነት ነበር፤ ሕሊና ያለው ተመራማሪ ግን ልጅን ከቋንቋ ለይቶ አያሳድግም። ማናጓ ውስጥ የሆነው ማንም ሳያቅደው የሆነ ሙከራ ነው።

ኬግል በመጀመሪያ ያገኟቸው በሙያ ማሠልጠኛው ያሉትን ወጣቶች ነበር። እነሱ የሚግባቡበት መንገድ የተንዛዛ፣ ማስመሰል የበዛበት፣ ከሰው ሰው የሚለያይ ነበር። ወደ ታናናሾቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ግን ሌላ ዓለም ገጠማቸው። ትንንሾቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ምልክቶቻቸው አጫጭር ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ሥርዓት ይጠቀሙባቸዋል። ቋንቋውን ይበልጥ የሚያውቁት ታላላቆቹ ሳይሆኑ ታናናሾቹ ሆነው ተገኙ። በየትኛውም የትምህርት ዓይነት ተማሪ ካስተማረው ሰው አብልጦ ሲያውቅ ማየት ብርቅ ነው፤ እዚህ ግን አንድ ሙሉ የልጆች ዙር ከእነሱ በፊት ከመጡት የተቀበለውን ጥሬ ነገር ወስዶ ያልነበረበትን ሥርዓት ጨመረበት።

ምን እንደ ጨመሩ በቅርብ እንየው። አን ሴንጋስ የተባሉት ተመራማሪ ከሶታሮ ኪታና ከአስሊ ኦዝዩሬክ ጋር ሆነው በ2004 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ። ለተሳታፊዎቹ የካርቱን ፊልም ያሳዩአቸዋል፦ አንዲት ድመት የቦውሊንግ ኳስ ትውጥና በቁልቁለት መንገድ ላይ እየተንገዳገደች፣ እየተንከባለለች ትወርዳለች። ከዚያ ያዩትን ለጓደኛቸው እንዲነግሩ ይጠየቃሉ። የሚሰሙ ኒካራጓውያን በስፓኒሽ እያወሩ እጃቸውን ሲያንቀሳቅሱ፣ እጁ በአንድ ጊዜ ይሽከረከራልም ወደ ታችም ይወርዳል። በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ወደ ትምህርት ቤቱ የገቡት የመጀመሪያ ዙር ተማሪዎችም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚሁ ያደርጋሉ፤ ምልክታቸው ድርጊቱን እንዳለ ይሥላል። ከእነሱ በኋላ የመጡት ግን ድርጊቱን ይከፍሉታል፦ በመጀመሪያ መንከባለልን የሚያሳይ ምልክት፣ ቀጥሎ ራሱን ችሎ መውረድን የሚያሳይ ምልክት።

ይህ ወደ ኋላ መሄድ ሊመስል ይችላል። በዓለም ላይ መንከባለሉና መውረዱ አንድ ላይ ነው የሚሆኑት፤ የመጀመሪያዎቹ ምልክት ለእውነታው ይቀርባል። ቋንቋ ግን ሥዕል አይደለም። መንከባለልና መውረድ ሲለያዩ፣ መንከባለልን ከመውጣት፣ መውረድን ከመዝለል ጋር ማጋባት ይቻላል፤ ከጥቂት ምልክቶች ብዙ አዲስ ዐረፍተ ነገር ይወጣል። እኛም በአማርኛ «ተንከባሎ ወረደ» ስንል ያንኑ አንድ ድርጊት ለሁለት ቃል ማከፋፈላችን ነው። የማናጓ ልጆች አማርኛ አያውቁም፤ ስፓኒሽም በጆሯቸው አልገባም፤ ዓይናቸው ያየው የታላላቆቻቸው ምልክት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አልተከፈለም ነበር። ከፋዮቹ እነሱ ራሳቸው ናቸው። ስኪነር ቢኖሩ ይህን ክፍፍል ማን እንደ ሸለመው ማሳየት የሚችሉ አይመስለኝም።

ታዲያ ተፈጥሮ አሸነፈች? የቾምስኪ ወገን የሆኑ ብዙዎች እንደዚያ ብለዋል። እኔ ግን የታሪኩን የመጀመሪያ ገጽ መርሳት አንችልም እላለሁ። ቋንቋ የመፍጠር ችሎታ ብቻውን ቢበቃ ኖሮ፣ ከ1977 በፊት በየገጠሩ ያደገው ያ ልጅ ለምን ቋንቋ አልፈጠረም? ተፈጥሮውኮ የማናጓዎቹ ተፈጥሮ ነው። ሱዛን ጎልዲን ሜዶው ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየቤታቸው ብቻቸውን ምልክት የሚፈጥሩ ልጆችን አጥንተዋል፤ ልጆቹ ምልክቶቻቸውን የሚደረድሩት በዘፈቀደ እንዳልሆነ፣ እናቶቻቸው በእጃቸው ከሚያሳዩዋቸው የተሻለ ሥርዓት እንዳለው አሳይተዋል። ይህ የተፈጥሮ ድርሻ ነው፤ አይካድም። ነገር ግን ያ ልጅ ቢያረጅም ምልክቱ ከቤት ምልክትነት አልፎ ሙሉ ቋንቋ አይሆንም። የሚመልስለት እኩያ የለውም፤ ከእሱ ተቀብሎ የሚያሻሽልለት ታናሽ የለውም።

ጊዜም አለ። በማናጓ ይህን ቋንቋ አቀላጥፈው የያዙት ገና ሕፃን ሳሉ የገቡት ናቸው፤ ከአሥር ዓመት ዕድሜ በኋላ የመጡት ለዓመታት ቢጠቀሙበትም የታናናሾቹን ያህል አልሠለጠኑበትም። ኤሪክ ሌነበርግ በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ቋንቋ የሚያዝበት የዕድሜ ወሰን አለ ብለው ነበር። ወሰኑ የት ላይ እንደሆነ አሁንም ይከራከሩበታል፤ በአንድ ቀን የሚዘጋ በር እንዳልሆነም ይታወቃል። የመጀመሪያ ቋንቋው የዘገየበት ሰው ግን የሚከፍለው ዋጋ ሁለተኛ ቋንቋ ዘግይቶ ከሚማረው ሰው በእጅጉ የከበደ ነው።

የሚሰሙ ሕፃናትም ተመሳሳይ ነገር ይነግሩናል። ጃኔት ወርከርና ሪቻርድ ቲስ በቫንኩቨር ሠርተው በ1984 ባሳተሙት ጥናት እንግሊዝኛ በሚነገርበት ቤት የሚያድጉ ሕፃናትን በሌሎች ቋንቋዎች ድምፆች ፈተኗቸው። ከድምፆቹ ሁለቱ የተወሰዱት ከብሪቲሽ ኮሎምቢያ ቀደምት ሕዝቦች ከአንዱ ቋንቋ ሲሆን፣ አንዱ የእኛን «ቀ» የሚመስል፣ ሌላው ከዚያ ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮ ገባ ያለ ነው። የስድስትና የሰባት ወር ሕፃናት ሁለቱን ይለያሉ። ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ወር ያሉት ግን ከሞላ ጎደል አይለዩም፤ ያው ቋንቋ በሚነገርበት ቤት ያደጉት እኩዮቻቸው ደግሞ መለየታቸውን ይቀጥላሉ። ልጅ ሲወለድ ጆሮው ለብዙ የዓለም ቋንቋዎች ክፍት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ወደ ቤቱ ቋንቋ ይጠባል። በአንድ ወገን የተፈጥሮ ስጦታ፣ በሌላ ወገን የቤት ሥራ። አዲስ አበባ የመጣ ጎልማሳ እንግዳ «ከበረ» እና «ቀበረ»ን ለመለየት ሲቸገር ስናይ፣ ጆሮው ሥራውን የጨረሰው የመጀመሪያ ልደቱ ሳይከበር መሆኑን ማሰብ ደግ ነው።

በ2003 ደግሞ ፓትሪሺያ ኩልና ባልደረቦቻቸው ዘጠኝ ወር የሆናቸውን አሜሪካውያን ሕፃናት ቻይንኛ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር ለ12 ጊዜ አጫወቷቸው። ሕፃናቱ የቻይንኛውን ድምፅ መለየት ቻሉ። ያንኑ ቻይንኛ በቴሌቪዥን ያዩት ወይም በቅጂ ብቻ የሰሙት ግን ምንም አልተማሩም። ልጁ የሚፈልገው ድምፅ ብቻ አልነበረም፤ ፊቱን እያየ የሚያጫውተው ሰው ነው። ማናጓ ውስጥ ከመምህሩ ጣት ይልቅ የጓደኛ እጅ ያሸነፈውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ስለዚህ «ስንት እጁ ተፈጥሮ፣ ስንት እጁ አስተዳደግ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተበላሸ ነው። እንጀራው ስንት እጁ ከጤፉ፣ ስንት እጁ ከምጣዱ ነው ብሎ እንደ መጠየቅ ነው። የሚያስኬደው ጥያቄ አንዱ ሌላውን በምን ጊዜ፣ በምን መንገድ ይፈልገዋል የሚለው ነው።

ይህን ጥያቄ ይዘን ከሄድን የማናጓ ታሪክ ከሰዋስው አልፎ ወደ አስተሳሰብ ይወስደናል። ኤሊዛቤት ስፔፐንና ባልደረቦቻቸው በ2011 ያሳተሙት ጥናት ትምህርት ቤት ያልገቡ፣ የቤታቸውን ምልክት ብቻ የሚያውቁ ኒካራጓውያን ጎልማሶችን የሚመለከት ነው። ሰዎቹ ሥራ አላቸው፣ ገንዘብ ይይዛሉ፣ ቁጥር በሞላበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይኖራሉ። ተመራማሪዋ ጡጫዋን ከጡጫቸው ጋር ሁለት ጊዜ ካጋጨች እነሱም ሁለት ጊዜ ይመልሳሉ፤ ሦስት ጊዜ ከሆነም ሦስት። ከዚያ ካለፈ ግን መልሳቸው ለቁጥሩ ይቀርባል እንጂ በትክክል አይገጥመውም። ማንበብና መጻፍ ያልተማሩ ስፓኒሽ ተናጋሪ ጎረቤቶቻቸው አይቸገሩም፤ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት የሚሉ ቃላት በልጅነታቸው ተቀብለዋልና። ጥቂትና ብዙን መለየት አብሮን የሚወለድ ችሎታ ነው። ሰባትን ከስምንት በትክክል መለየት ግን የሚቆጠርበት ቋንቋ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ጥናት ይበልጥ ያስደንቀኛል። ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ በ2009 ያሳተሙት ነው። ፈተናው እንዲህ ያለ ነው፦ አንድ ልጅ መጫወቻውን አልጋ ሥር ደብቆ ይወጣል፤ ወንድሙ በሌለበት አንሥቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ ልጁ ሲመለስ የት ይፈልገዋል? አልጋ ሥር ነው። ይህን ለመመለስ ሌላው ሰው ከእውነታው የተለየ ነገር በልቡ እንደያዘ መረዳት ያስፈልጋል፤ አብዛኞቹ ልጆች አራትና አምስት ዓመት ሲሞላቸው ይደርሱበታል። በማናጓ የመጀመሪያው ዙር ሰዎች፣ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ጎልማሶች፣ በሥዕል በቀረበላቸው በዚህ ዓይነት ጥያቄ ከታናናሾቻቸው ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። የእነሱ ምልክት «ያስባል»፣ «ያውቃል»፣ «መስሎት ነው» ለሚሉት አሳቦች እምብዛም ቃል አልነበረውም፤ የታናናሾቹ ግን ነበረው። ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ እንደገና ሲፈተኑ ታላላቆቹ እነዚያን ቃላት ከታናናሾቹ ተምረው ነበር፤ ውጤታቸውም ተሻሽሎ ነበር። ጎልማሳ ሆነው ቃሉን አገኙ፣ ቃሉን ሲያገኙ የሌላውን ሰው ልብ ማንበብ ቀለላቸው። ሰዎቹ ከዚያ በፊት ደካማ አእምሮ ነበራቸው ማለት አይደለም፤ የተፈጥሮ ድርሻቸው ሙሉ ነበር። የጎደላቸው የሚያወራቸው ሰው ነው።

ይህ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት መስማት ከተሳናቸው አሥር ልጆች ከዘጠኝ በላይ የሚሆኑት የሚወለዱት ከሚሰሙ ወላጆች ነው። በእኛም ቤት ያለው ሁኔታ ይኸው ነው፦ እናትና አባት ልጃቸው እንደማይሰማ ዘግይተው ያውቃሉ፤ ካወቁም በኋላ «ይናገር ይሆናል» እያሉ ይጠብቃሉ፤ አንዳንዱ ጠበል፣ አንዳንዱ ሐኪም ቤት ይመላለሳል፤ ምልክት ከለመደ አፉን አይፈታም የሚል ስጋትም አለ። ሐኪሙንም ጠበሉንም አትተዉ። ነገር ግን መጠበቁ የልጁን ምርጥ ዓመታት ይበላል።

የማናጓ ልጆች ከባዶ መነሣት ነበረባቸው። የእኛ ልጆች አይጠበቅባቸውም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ አለ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተናጋሪዎች አሉት፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በዲግሪ ደረጃ ያስተምረዋል። ፊደላችንንም በጣት የሚጽፍበት የራሱ ዘዴ አለው፦ የእጁ ቅርጽ ተነባቢውን ሲያሳይ፣ የእጁ እንቅስቃሴ ደግሞ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉትን ሰባት ፊደላት ይለያል። ልጅዎ፣ የእህትዎ ልጅ ወይም የጎረቤትዎ ልጅ የማይሰማ ከሆነ፣ ትምህርት ቤት እስኪገባ አይጠብቁ። ዛሬውኑ በምልክት ቋንቋ ከሚያወሩ ሰዎች ጋር ያገናኙት፣ እኩዮቹ ወዳሉበት ይውሰዱት፣ እርስዎም አብረውት ይማሩ።